ቁልፉ ከሣጥኑ ይቅደም

ጥር 6 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ላርም። ራሴ ውስጥ ዕጢ አልበቀለም። ኑዛዜ አልጻፍኩም። አልጋዬንም ለጎረቤት አላወረስኩም፤ በተገላበጥኩ ቁጥር የሚጮኽ አልጋ ማን ይወርሳል? ትናንት በስልክ እያለቀስሽ ለጠየቅሽኝ ያልመለስኩልሽ ግቢው በሰው ተሞልቶ ስለነበረ ነው። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ስልክ ሳወራ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤ አይጮኽም።

አሁን ሰላምታው። እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ወሬው የተነሣው እንዲህ ነው። ስሙን የማልነግርሽ አንድ ሰው ራሱን እያዞረው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ትራሱ ላይ ሲገላበጥ ይብስበታል። እዚህ ሲቲ ስካን ሲያነሡት ጭንቅላቱ ውስጥ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ነገር ታየ። ሐኪሙ «መከፈት አለበት» ብሎ ለየካቲት 27 ቀን ቀጥሮታል። ሰውየው ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን አልነገርኩትም። አንቺ ያለሽበት ሆስፒታል የሚሠሩት የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ምስሉን አይተው «ይከፈት» ካሉ ይከፈታል፣ «ይቅር» ካሉ ይቀራል። ከሰውየው ጋር የተስማማነው በዚህ ነው።

ምስሉን በሲዲ ሰጡኝና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለመነጽሯን ታውቂያታለሽ፤ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ «ይቻላል» የምትለዋ። «በኢሜይል አባሪ አድርገሽ ላኪልኝ» አልኳት። «ይቻላል» አለች። ኮምፒውተሩ ሲያስብ፣ ሲያስብ ቆይቶ «ከመጠን በላይ ነው» ብሎ መለሰው። ለካ አራት መቶ አሥራ ሁለት ምስል ነው። ከፋፍላ ልትልከው ስትጀምር ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ቆማለች። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የተሰነጠቀ የሰው ጭንቅላት ይታያል፤ ላኪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ አይደለች? ሁለቱን ገጥማ ሰፋቻቸው። እናንተ ሠፈር ላለችው እህቷ የደወለችውም ከእኔ ቀድማ ቤቷ ገብታ ነው።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የራጅ ክፍል መዝገብ ቤት ጠብቄያለሁ። በእኔ ጊዜ አንድም ፊልም ያለ ፊርማ ከዚያ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን የሰው ገመና እንደ እህል አስጥቼ ቆምኩ። «አቁሚ» አልኳትና የተላከውንም፣ ኮምፒውተሯ ላይ የቀረውንም አስጠፋኋት።

ላንቺ ወሬውን አርሜአለሁ፤ ለሠፈሩ አላርምም። የእኔ ራስ አለመሆኑን ካወቁ የማን እንደሆነ መፈለግ ይጀምራሉ፤ የሰውየው ሥራ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የሚችል አይደለም። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ታመመች ቢሉኝ የሚቀርብኝ የለም። እንዲያውም ከትናንት ወዲያ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። በልቼዋለሁ።

የማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የተሻለ መንገድ ካለ ግን ንገሪኝ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ።

አክስትሽ


ጥር 14 ቀን

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ ጀመርኩት፣ «አልጋዬንም» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ያለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተመስገን! ስምንት ቀን ሙሉ በሐሳቤ እርስዎን ስቀብር ከርሜያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የማን እንደሆነ አልጠይቅም። ሐኪሙን ግን ጠይቄያቸዋለሁ። ቁጡ ናቸው፤ ሲናገሩም ቀና አይሉም። «ምስሉ ይምጣ፣ አያለሁ» አሉ። እሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ደግነት ነው።

አሁን ስለ መንገዱ። በኢሜይል አባሪ አይላኩት። ቢያልፍ እንኳ አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ፣ አንድ እኔ ዘንድ፣ አንድ ባለመነጽሯ ዘንድ ይቀራል፤ በመሃል የት የት እንደሚቀር እኔም አላውቅም፣ ኮምፒውተር መጠበቅ ሥራዬ ሆኖ። የእኛ ሆስፒታል ትልልቅ ፋይል የሚቀበልበት ገጽ አለው። እንደ ሣጥን ያስቡት። መጀመሪያ ምስሎቹን በአንድ ፎልደር ሰብስበው በይለፍ ቃል ይቆልፉ። የተቆለፈውን ገጹ ላይ ያስቀምጡ። ገጹ አንድ ሊንክ ይሰጥዎታል፤ በኢሜይል የሚልኩልኝ ያንን ብቻ ነው። ሊንኩ የሣጥኑን ቦታ ይነግራል እንጂ አይከፍትም። ቁልፉን፣ ማለትም የይለፍ ቃሉን፣ ከሊንኩ ጋር በአንድ መንገድ አይላኩት። በሌላ መንገድ ይምጣ። በስልክ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሦስት ቤት ይሰማል ብለውኛል።

ሊንኩ ሰባት ቀን ይኖራል። ከዚያ ራሱ ይጠፋል፣ ፋይሉም ይሰረዛል። እርስዎ ይህን እንደሚወዱት አውቃለሁ።

አባዬን ይሳሙልኝ። ስደውልለት «ሰው ይዣለሁ» እያለ ይዘጋብኛል።

ልጅዎ


ጥር 22 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ባለመነጽሯ «እኔ ልሥራልዎት፣ ይቻላል» አለች። «እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ በቃል ንገሪኝ» ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ስጽፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ስለጻፍኩ ብዙ ቆመች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ጨረሰች። የልደት ቀን፣ የስልክ ቁጥር፣ ሰው የሚገምተው ነገር አላስገባሁም። ቁልፉ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው። አንብቢውና አቃጥዪው። ሊንኩን ዛሬውኑ በኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ደግሞ አሁን በእጄ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ሁለት መንገድ ብለሻል፤ ሁለት መንገድ ነው።

የሰውየውንም ስም ሸፍኛለሁ። እኛ ፊልም ወደ ሌላ ሆስፒታል ስንልክ ጥጉ ላይ ያለውን ስም በነጭ ፕላስተር እናለብሰው ነበር። ሲዲው ላይ የተጻፈውንም ገና ከሆስፒታል ሳልወጣ እንደዚያው አድርጌዋለሁ፣ በብርሃን ፊት ቢያዙት እንኳ አይነበብም። አንቺም ሐኪሙም «ቁጥር አራት» በሉት። ለምን አራት? ከአንድ ብጀምር የመጀመሪያዬ መሆኑ ይታወቅብኛል።

ስለ እንቅልፌ አታስቢ። እተኛለሁ። አባትሽ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚዘጋብሽ እሱን ጠይቂው፤ እኔ የሰው ጠበቃ አይደለሁም።

አክስትሽ


የካቲት 1 ቀን

አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ጥር 30 ደረሰኝ። ሊንኩ የሞተው ጥር 29 ነው። ቁልፉን በእጄ ይዤ ሣጥኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ ሳይ ዋልኩ። በስልክ «ሣጥኑን እንደገና ያስቀምጡልኝ» ስልዎት ያለ ምንም ጥያቄ «እሺ» ብለው መዝጋትዎ ገርሞኛል፤ በሰዓቱ አስቀምጠውታል። ዛሬ ጧት ወረደ፣ ከፈትኩት።

ወረቀቱን አቃጥያለሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ወጣ። ጥያቄ ስለበዛብኝ «ዳቦ ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ምስሉን አይተዋል። ከዚያ «ይህ ነገር አዲስ ነው ወይስ የቆየ? ሰውየው ከዚህ በፊት ራሱን ተነሥቶ ያውቃል?» አሉኝ። የድሮ ምስል ካለ ይፈልጋሉ። ካላደገ አንድ ነገር ነው፣ ካደገ ሌላ ነገር ነው አሉ። ያለዚያ ምንም አይሉም።

አባዬ እንዴት ነው? ሥራ ይውላል? አሁንም በምላጭ ነው የሚሠራው?

ልጅዎ


የካቲት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ አጭር ነው፤ የእጅ ጽሑፍሽም ከመስመር ወጥቷል። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ሣጥኑን በፈረስ፣ ቁልፉን በእግር ላክሁት። ፖስታ ስምንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ ሊንኩ ሰባት ቀን እንደሚኖር ጽፈሽልኛል፤ ሰባትን ከስምንት መቀነስ የተማርኩት በልምጭ ነው። በጥንቃቄ ብዛት ተሳሳትኩ። ከዚህ በኋላ ቁልፉ ከሣጥኑ ይቅደም። አዲሱ ቁልፍ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው። ሲደርስሽ ደውዪና «ደረሰ» በዪኝ፤ ሌላ ቃል አትጨምሪ። እኔ ያን ጊዜ ሣጥኑን አስቀምጣለሁ። ወረቀቱንም በውኃ አርሰሽ ቅደጂው እንጂ ሰው አታስወጪ።

የድሮው ምስል አለ። ሐኪምሽ «የድሮ ካለ» ሲሉ የሚጠይቁት ማንን እንደሆነ አላወቁም። የት እንዳለ ሳልፈልግ አውቄዋለሁ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሲቲ ስካን ፊልም። ስያሜውን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ወደ ድሮ ክፍሌ ስሄድ በቦታዬ የተቀመጠው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ «እማማ፣ እርስዎማ ዝም ብለው ይውሰዱት» አለኝ። አክብሮት መሆኑ ገብቶኛል። «ቅጹ የት አለ?» አልኩት። «ለእርስዎም?» አለ። «ለእኔ በተለይ» አልኩት። ቅጹን ይዤ ወደ ሰውየው ሄድኩ፤ እሱ ፈረመ፤ ተመለስኩ፤ እኔም ፈረምኩ። አንድ ቀን ፈጀብኝ። ፊልሙን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ማሽን አላቸው፤ ሲገለብጡት አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ስለ አባትሽ ጠይቀሻል። ትናንት ስድስት ሰው አስተካክሏል፣ በመቀስና በማሽን። ምላጩ ለጊዜው ሌላ ቦታ ነው። ስለ አንቺ አወራን። እናትሽ የታመመች ጊዜ ትምህርትሽን ጥለሽ የመጣሽበትን ዓመት አሁንም ከጉሮሮው አላወረደውም። «ያን ዓመት ነይ ብያት በእኔ ምክንያት ተነጠቀች፤ ሁለተኛ አይደረግም» ይላል። እኔም «አይደረግም» ብዬዋለሁ።

ለቀጠሮው ዐሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ሰውየው ይቆጥራል። እኔ አልቆጥርም እላለሁ፤ ይኸው ግን ቁጥሩን ጻፍኩልሽ።

አክስትሽ


የካቲት 18 ቀን

አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አልሰጠሁትም። እርስዎ በሰጡኝ ቁልፍ ቆልፌ እዚያው ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለመነጽሯን ወደ ግድግዳ አዙረው ያንብቡት።

አይከፈትም!

ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው በመለኪያ ለኩ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ፀጉር ታህል አላደገም። የውኃ ከረጢት ነው አሉ፤ ሳይወለድ ጀምሮ አብሮት የኖረ፣ ማንንም የማያስቸግር። «ይህን መክፈት የተኛ ውሻ መርገጥ ነው» አሉ። ማዞሩም ከእሱ የመጣ አይመስላቸውም። ሰውየው ትራሱ ላይ ሲገላበጥ ይብሳል ብለው ከጻፉልኝ ተነሥተው የጆሮ ነው ብለዋል፤ የጆሮ ሐኪም ራሱን በዘዴ አዟዙሮ በአንድ ቀጠሮ ሊያስተካክለው ይችላል። ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ይነሣ፣ ለማመሳከር። የፈረሙበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ፤ ለእዚያኛው ሐኪም ይስጡልኝ።

አሁን ሌላው ነገር። አክስቴ፣ ፕላስተሩ ሲዲው ላይ ቀርቷል። የዛሬ ምስል ስሙን የሚይዘው በውስጡ ነው። የካቲት 1 ጧት የመጀመሪያውን ምስል ስከፍት ከላይ በስተግራ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የአባቴ ስም ከነልደት ዘመኑ ተጽፏል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ላይ። ልብስ ሰፊዋ ያላነበበችው መነጽሯን ክር ለማስገባት ብቻ ስለምታደርግ መሆን አለበት።

ኮሪደር ወጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትኬት ቆረጥኩ። ሻንጣዬንም አዘጋጀሁ። ግን አሰብኩት፤ እሱ የደበቀኝ እንዳልመጣ ነው። ብመጣ ከበሽታው ይልቅ እኔን ሲያይ ይወድቃል። ትኬቱን መለስኩ። ተመልሼ ስሙን ከምስሎቹ ሁሉ አነሣሁ፣ መሣሪያ አለው፣ «ቁጥር አራት» ብዬ ጻፍኩበትና ለሐኪሙ አሳየኋቸው። የድሮው ፊልም ሲመጣም ቀኑን አወቅሁት። የሱቁን ጽሑፍ ሊቀባ ከመሰላሉ የወደቀ ዕለት ነው። የቀለሙን ቆርቆሮ ይዤ ከሥር የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመቴ።

አልነገርኩዎትም፤ ቢያውቁ ቃልዎን ያፈረሱ ይመስልዎት ነበር። ዐሥራ ሰባት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከመምጣት እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ምላጩ እርስዎ ጋ ነው፣ አይደል? አባዬ ያንን ምላጭ ለእናቴ እንኳ አበድሮ አያውቅም።

ልጅዎ


የካቲት 19 ቀን

ለልጄ፣

ይህን በፖስታ ልኬዋለሁ። ስምንት ቀን ይፍጅ፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩለኝ የለም።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ጧት ነው። «አይከፈትም» የሚለውን አነበብኩና መልሼ አነበብኩት። ሦስተኛ ላነብ ስል ፊደሉ ጠፋብኝ። ግድግዳውን እያየች የነበረችው ባለመነጽሯ ሳትዞር መሐረብ ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት።

ስለ ፕላስተሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ስም አላሾለክሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አሾለክሁ። ሽፋኑን ሸፍኜ ዕቃውን ረሳሁ። አምኛለሁ። ግን ስሙ የሾለከው ወደ አንቺ ነው፤ አንቺም ቆለፍሽው። ባለመነጽሯንም ጠየቅኋት። «ስሙን አይተሽ ነበር?» አልኳት። «በመጀመሪያው ቀን» አለች። «ታዲያ ለማን ነገርሽ?» «ለማንም።» «ልብስ ሰፊዋ ስታወራ እንኳ?» «እማማ» አለችኝ፣ «ዝም ማለትም ይቻላል።» ይህችን ሴት ስንት ዓመት በከንቱ ስንቃት ኖርኩ።

ወደ አባትሽ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ሰው እየጠበቀ፣ አንዱን እያስተካከለ ነበር። ፊቴን ሲያይ መቀሱ ቆመ። ሰው ስለነበረ «አይቆረጥም» ብቻ አልኩት። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ «እንዴ! ግማሹን ቆርጦ!» ብሎ ጮኸ። አባትሽ መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ፣ ሲስቅ እንባው መጣ፤ ሰውዬው ባለ ግማሽ ፀጉር ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ያየናል። የካቲት ከገባ የወንድሜን ጥርስ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሁሉንም ነገርኩት፣ አንቺ እንደምታውቂ ጭምር። መጀመሪያ ተቆጣ። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር!» አለ። «ገብቼ ነበር» አልኩት፣ «ፕላስተር ግን ቃል አልገባም።» ቀጥሎ «ትመጣለች?» አለኝ። «ትኬት ቆርጣ ነበር፣ መልሳዋለች። ሥራዋ ላይ ናት» አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ። ወንበሩ ላይ እሱ ራሱ ተቀመጠና ወደ መስታወቱ እያየ «እንግዲያስ አደገች» አለ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ፣ ዛሬ ማታ ይደውልልሻል። «ሰው ይዣለሁ» ብሎሽ ከሆነ እመኚው፤ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።

አዎን፣ ምላጩ እኔ ጋ ነው። ዘንድሮ ራሱን አዙሮት የወደቀ ዕለት ከእጁ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ራሱን የሚያዞረው ሰው የሌላውን ጉሮሮ ሊላጭ አይገባም፤ ወንድሜም ቢሆን። ለደንበኞቹ «ሊሳል ሄዷል» ይላቸው ነበር። ሃምሳ ቀን የሚሳል ምላጭ አይቶ የሚያውቅ ባይኖርም ሠፈሩ ለእኔ ራስ ሲያዝን ስለ ምላጩ የጠየቀ የለም። ብርቱካኑ ሥራውን ሠርቷል።

ነገ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ መሳቢያዬን ከፍቼ ምላጩን ከጨርቁ አወጣና ዘይት ቀብቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባዋለሁ። አባትሽን ከቤቱ እወስደዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ካልቆመ አንኳኳለሁ። ሆስፒታል ሄደን የሐኪምሽን ወረቀት እንሰጥና የየካቲት 27ቱን ቀጠሮ በጽሑፍ እናሰርዛለን፤ ቅጂዬ ላይ ሳይፈርሙ አልነሣም። እዚያው ኮሪደር ጫፍ ወዳለው የጆሮ ሐኪም እናልፋለን። ስንመለስ ባለመነጽሯ ዘንድ ገብቼ ከኮምፒውተሯ የቀረ ነገር ካለ አብረን እናጠፋለን፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ ግድግዳ አላዞራትም። ከዚያ የአባትሽ ሱቅ። ሐኪሙ እጁን ከፈቀደለት ምላጩን እመልስለታለሁ፤ «ሳምንት ይቆይ» ካለ ምላጩ ወደ መሳቢያው ይመለሳል፣ አባትሽም መቀሱን ያነሣል። በሁለቱም ቢሆን ነጠላዬን አውርጄ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወንበሩ ከልብስ ሰፊዋ መስኮት ትይዩ ነው። ሠፈሩ ያለቀሰለትን ይህን ራስ ዝቅ አድርጌ «ማጅራቴን አስተካክልልኝ» እለዋለሁ። እስኪጨርስም አልንቀሳቀስም።

አክስትሽ